ለአንዲት ወይዘሮ አንድ ዳንስ

በትሬሎኒ መርከቦች ላይ ከባሕሩ በቀር የሚናወጥ ነገር የለም ይባላል። እርግጥ ይህን የሚሉት የመርከቦቹ ባለቤቶች፣ ትሬሎኒዎች ራሳቸው ናቸው፤ ሆኖም ዋሹ አይባልም። ሌላው የሽርሽር መርከብ ሁሉ የውሃ መንሸራተቻና የቁማር መብራት ሲደረድር፣ እነሱ አያቶቻቸው የተቀመጡበትን ወንበር ጨርቅ ይቀይራሉ፤ እሱንም በዚያው ቀለም። የከሰዓት በኋላ ሻይ የሚቀዳው በነጭ ጓንት ነው። እኩለ ቀን ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ብቅ ብሎ የነፋሱን አቅጣጫና ከመርከቧ በታች ያለውን የውሃ ጥልቀት ይናገራል፤ በዚያች ሰዓት ሹካ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ከእግሩ ሥር አራት ሺህ ሜትር ውሃ እንዳለ ሲነገረው ልቡ ረክቶ ወደ ሾርባው የሚመለስ ሕዝብ ከእንግሊዝ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ማታ ማታ ወንድ ሁሉ ጥቁር ሙሉ ልብስና ቢራቢሮ ክራቫት ያደርጋል። ያላደረገውን የሚቆጣው የለም። «እዚያ ይበልጥ ይመችዎታል» ተብሎ በመርከቧ ጭራ ወዳለች አንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት በትሕትና ይሸኛል፤ ከዚያ ወዲያ እስኪነጋ አይታይም። እራቱም እንደ ክፍሉ ነው። ላይኛው ፎቅ ሰገነት ያለው ክፍል የያዘ ላይኛው አዳራሽ ይበላል፤ መስኮት የሌለው ክፍል የያዘ ታችኛው አዳራሽ ይበላል፤ የላይኛውን ደረጃ በር የሚከፍተውም የላይኛው ሰው ቁልፍ ብቻ ነው። ከእራት በኋላ ግን ሁሉም በዳንስ አዳራሹ ይቀላቀላል። ትሬሎኒዎች «እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ እኩል ነው» ሲሉ ይህችን ሰዓት ማለታቸው ነው።

በርናርድ ኮትል «ሌዲ ኦገስታ» በምትባለው መርከብ ላይ ሰባት ዓመት የሠራው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሥራው የዳንስ አስተናጋጅነት ነው። ብቻቸውን የሚጓዙ ወይዛዝርት ብዙ ናቸው፤ ባሎቻቸው ወይ ሞተዋል ወይ አይደንሱም፤ በዳንስ አዳራሽ ደግሞ ሁለቱ ያው ናቸው። ስለዚህ ድርጅቱ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጫማቸው የሚያበራ፣ አፋቸው የታረመ ጥቂት ወንዶች ቀጥሮ ያሳፍራል። ክፍያው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አልጋና ምግብ፣ የልብስ እጥበትና ለአንድ ሁለት መለኪያ የምትሆን የኪስ ገንዘብ።

ደንቡ ግን የገዳም ነው። አስተናጋጅ አንዲትን ወይዘሮ በተከታታይ ሁለት ጊዜ አያስደንስም። ዜማው ሲያልቅ እጅ ነስቶ ወደ ወንበሯ ይመልሳታል። መደነስ እየፈለገች የተቀመጠች ሴት ካለች ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ስለዚህም ሙዚቃ እየተጫወተ እሱ ራሱ ከማንም ወይዘሮ ጎን አይቀመጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አያዳላም። መርከቧ ላይ የሚሰምጡ ሰዎች ባይኖሩም፣ በማዳላት የሰመጡ አስተናጋጆች ግን ነበሩ፤ ስማቸው አይነሳም።

በርናርድ የሳውዝሃምፕተን ልጅ ነው፤ ሸርሊ በሚባለው ሰፈር ተወልዶ እዚያው ያረጀ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ዳንስ ያስተማረችው ሚስቱ ማቪስ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ እግሯን እየረገጠ፣ እሷም እየሳቀች። ማቪስ ስትሞት ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ የማቀዝቀዣው ብቻ ሆነ። እሱን ሲያዳምጥ ሁለት ክረምት ካሳለፈ በኋላ፣ ትሬሎኒዎች መደነስ የሚችል ሰው እንደሚፈልጉ ሰማና ሄደ።

የእንግዶች መስተንግዶ ኃላፊዋ ወይዘሪት ጋርሳይድ ቀድሞ በምን ሥራ ላይ እንደነበረ ጠየቀችው። ድርጅቱ ጡረታ የወጡ መኮንኖችና ሐኪሞች እንደሚወድ ያውቅ ስለነበር «በትራንስፖርት» አላት። አልዋሸም። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ጨዋ ሰው አይጠይቅም። ዓመት ሳይሞላ ከወይዛዝርቱ ግማሾቹ ሰውዬው የትልቅ ድርጅት ባለቤት እንደነበረ አመኑ። እሱም አላረማቸውም፤ ዝም አይነቅዝም።

ወይዘሮ ኦድሪ ፌንዊክ ከላይኛው ፎቅ ናቸው። የዊንቸስተር የአትክልት ዘር ነጋዴ የነበሩ ሰው መበለት ናቸው፤ በየዓመቱ በጥቅምት ወደ ማዴይራ ይጓዛሉ፣ አንዳንድ ጊዜም በጸደይ ወደ ኖርዌይ ይደግማሉ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ በርናርድ ያን ትከሻ በእጁ መዳፍ ነበር የሚሰማው። አንድ ምሽት እየደነሱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ካፒቴኑ የነገረንን ጥልቀት ሰሙ? እኔ እንኳ ዋና አልችልም፤ ለእኔ ሁለት ሜትርም በቂ ነው» አሉት። በርናርድ እርምጃው ተሳሳተ። በሰባት ዓመት የተሳሳተው ያኔ ብቻ ነው።

በምሽት አንድ ዋልስ ያስደንሳቸዋል፤ ቢበዛ ሌሎች ሦስት አራት ሴቶችን አዙሮ ሲመለስ ሁለተኛ ይደርሳቸዋል፤ እሳቸው ግን ያኔ ብዙ ጊዜ ወደ ክፍላቸው ወጥተዋል። የሚያወሩትም ስለ አየሩና ስለ ኬኩ፣ ስለ ሌላዋ ተሳፋሪ ስለ ወይዘሮ ባግናል አዲስ ባርኔጣ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የተጨዋወቱት አንድ ላይ ቢሰበሰብ አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም። በርናርድ ግን ቀሪውን ዓመት የሚኖረው በዚያች ነበር።

የክፍል ጓደኛው ግዊሊም ፒው የሚባል ዌልሳዊ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ እሱም አስተናጋጅ። ክፍላቸው ከውሃው ወለል በታች ነበር፤ ግዊሊም «ከካፒቴኑ ጥልቀት ላይ የኛን ቀንሱለት» እያለ ይቀልዳል።

«ዛሬም ከላይኛዋ ፎቅ ጋር ስትንሳፈፍ አየሁህ» አለው አንድ ምሽት ጫማውን እያወለቀ።

«ሥራዬን ነው የሠራሁት።»

«ሥራህንማ ከወይዘሮ ባግናልም ጋር ትሠራለህ። ያኔ ግን ፊትህ ጥርስ ሊነቀልለት የመጣ ሰው ፊት ነው። አርባ ዓመት ያየሁት ፊት ነው፣ አትሸውደኝም።» ከዚያ ቀልዱን ተወና፣ «ስማኝ በርናርድ፣ ሴትዮዋ የምትደንሰው ካንተ ጋር መሰለህ? ከቲኬቷ ጋር ነው። አንተ ከሻዩና ከወንበሩ ጋር አብረህ የተከፈለብህ ነህ» አለው።

በርናርድ መብራቱን አጠፋ። ነገሩ ግን ልቡ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እውነት ቢሆንስ? የወይዘሮ ፌንዊክ ደግነት ሁሉ ደረቱ ላይ ለተሰካው የአስተናጋጅ ባጅ ቢሆንስ? ይህን ማወቅ ፈለገ፤ ከማቪስ ወዲህ ምንም ነገር እንዲህ ፈልጎ አያውቅም። ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ዋልስ እየደነሱ የሚጠየቅ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ እንዳይጠየቅ መቀመጥ ክልክል ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው፤ እዚያ አገር ሆድ ብዙ ነገር ይፈጃል።

ነገሩ የፈነዳው በጸደይ ነው፤ ከኖርዌይ ሲመለሱ፣ በመጨረሻው ምሽት። በርናርድ ወይዘሮ ፌንዊክን እያስደነሰ ነበር። በዜማና በዜማ መካከል ባንዱ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ዝም ይላል፤ አስተናጋጆች እጅ የሚነሱት በዚያች ዝምታ ነው። የዚያን ቀን ግን የባንዱ መሪ ሻንጣውን ገና አላሰናዳም መሰለኝ፣ ቶሎ ለመጨረስ አንዱን ዋልስ ሳያቋርጥ ከሌላው ጋር ቀጠለው። ሌሎቹ አስተናጋጆች ሙዚቃው መሐል እጅ ነስተው ተለያዩ። በርናርድም እጃቸውን ሊለቅ ነበር። አልለቀቀም። ወይዘሮ ፌንዊክ ቅንድባቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው አዩት፣ ከዚያ እግራቸውን አነሱ፤ ሁለተኛውንም ደነሱ።

ወደ መጨረሻው ላይ ፊታቸው ነጣ አለ፤ ከንፈራቸውንም ገጠም አደረጉ። በርናርድ ልባቸው ተነክቶ ነው ብሎ አሰበ፤ የእሱማ ተነክቶ ነበር። ወደ ወንበራቸው ሲመልሳቸው «አመሰግናለሁ፣ አቶ ኮትል» አሉት። «በጣም… ረጅም ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ዳንሱን ቀጠለ። ምሰሶው ሥር የሚቀመጡት ወይዘሮ ባግናል ብቻ፣ የሟች ዳኛ ባለቤት ናቸው፣ የሻይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ግዊሊም ግን ክፍል እንደገቡ፣ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ» አለው።

ጠዋት ሳውዝሃምፕተን ሲደርሱ በርናርድ መውረጃው አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ወይዘሮ ፌንዊክ ጭናቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎላቸው በዊልቸር እየተገፉ መጡ። የላይኛው ፎቅ ሰዎች መቼም በእግራቸው ላለመውረድ ሰበብ አያጡም። ወደ እሱ ሳይዞሩ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው አለፉ። በርናርድ ግዊሊም እውነቱን ነው አለ በልቡ፤ ጉዞው አለቀ፣ ቲኬቱም አለቀ።

የቀድሞዎቹ እንግዶች ወርደው አዲሶቹ ሳይገቡ ወይዘሪት ጋርሳይድ ሻይ ጋበዘችው። ነጭ ጓንት ያደረገው አስተናጋጅ ቀዳለት፤ በባለሦስት ደርቡ ሳህን ላይ ቅርፊቱ የተቆረጠ የኪያር ሳንድዊች ነበር። በርናርድ በሰባት ዓመት አንድም ቀን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ሳንድዊቹን ሲያይ ገባው።

«ሁላችንም ስለ ጤንነትዎ ስናስብ ነበር» አለች።

«ደህና ነኝ።»

«ደስ ይላል። ግን ትንሽ ረዘም ያለ እረፍት የሚያስፈልግዎት ይመስለናል።»

«ምን ያህል ረዘም ያለ?»

«ስኳር ላድርግልዎት?» አለች ወይዘሪት ጋርሳይድ።

ወይዘሮ ባግናል ናቸው ለካ የተጨነቁለት። ምስኪኑ ሰውዬ አንዱ ዳንስ ሲያልቅ ወይዘሮዋን ወደ ወንበራቸው መመለስ እንኳ ረሳ፣ ዕድሜ መሆን አለበት ብለው ለወይዘሪት ጋርሳይድ ነግረዋታል፣ በደግነት። በርናርድ ሳንድዊቹን ጨርሶ ስለ ሻዩ አመሰገነ፤ እሷም ስለ ሰባቱ ዓመት አመሰገነችው፤ ሁለቱም እጅግ ደስ የሚል ጊዜ እንደነበረ ተስማሙ። እዚያ አገር ሰው ሲሾምም ሲባረርም የሚባለው ያው ነው።

ቀጣዮቹን ወራት ቤቱ ተቀመጠ። «ሌዲ ኦገስታ» ከወደብ ስትነሳ የምታሰማው ጩኸት ሸርሊ ድረስ ይሰማል። በሰማው ቁጥር ሲኒውን ይዞ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ ከመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ማቀዝቀዣው እንደ ድሮው ያጉረመርማል። ነሐሴ ላይ ግዊሊም ከወደብ ስልክ ደወለለት፤ በርናርድም የጥቅምቱን የማዴይራ ጉዞ ቲኬት መቁረጡን ነገረው።

«በገዛ ገንዘብህ?»

«መኪናዋን ሸጥኳት።»

«ካልመጣችስ? ወይ መጥታ እንደማታውቀው ሰው ብታልፍህስ?»

«እሱን አይደል እንዴ ማወቅ የፈለግኩት» አለ በርናርድ።

የቆረጠው ከሁሉ ርካሹን ነው፤ ከአስተናጋጆቹ ክፍል አንድ ፎቅ ከፍ ያለ፣ መስኮት ግን ያው የሌለው። መግቢያው ላይ ወይዘሪት ጋርሳይድ ከነፈገግታዋ ቆማለች፤ በእንግድነት ስለመጣ ድርጅቱ የተሰማውን ደስታ ገልጻ ሻምፓኝ ሰጠችው። በሻይ ያባረሩትን ሰው በሻምፓኝ ተቀበሉት፤ ቲኬት ከያዘ ትሬሎኒዎች ቂም አያውቁም። እራት ላይ በታችኛው አዳራሽ ከአንድ የሃል ከተማ ሥጋ ሻጭ ጋር ተቀመጠ፤ ሰውዬው ሥራው ምን እንደነበረ ጠየቀው። በርናርድ «በትራንስ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። «አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ» አለ። ሥጋ ሻጩም ደስ አለው፤ የእሱም ወንድም ሾፌር ነው፤ እስከ ጣፋጩ ድረስ ስለ ማርሽ ሲያወሩ ቆዩ።

ከዚያ ወደ ዳንስ አዳራሹ ወጣ። ያው ምሰሶ፣ ያው ወይዘሮ ባግናል። በእሱ ቦታ ሩፐርት የሚባል ቁመተ ሎጋ ገብቷል፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ግዊሊም ግን ሦስቱ የራሱ አይደሉም ብሎት ነበር። ወይዘሮ ፌንዊክ ዘግየት ብለው መጡ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸው በአዳራሹ ዞረ፤ በርናርድ ላይ ሲደርስ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉለት፤ ለባንዱ መሪም፣ ለአበባ ማስቀመጫውም ሊሰጥ የሚችል ሰላምታ ነበር። ከዚያ ሩፐርት መጥቶ እጅ ነሳ፤ ተነሥተው አብረውት ሊደንሱ ሄዱ።

በርናርድ በርሜል ውሃ የተደፋበት ያህል ቀዘቀዘ። ቁጭ ብሎ እንግዳ መሆን እንዲህ የሚያስጠላ ነገር መሆኑን አያውቅም ነበር። ግዊሊም ወይዘሮ ባግናልን ይዞ በፊቱ ሲያልፍ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ አየው፤ አልቀለደም፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር። ለመውጣት አሰበ። ግን መኪናዋ ተሽጣለች፣ ዙሪያውም ባሕር ነው።

ዜማው አለቀ። ሩፐርት ወይዘሮዋን ወደ ወንበራቸው መልሶ እንደ ደንቡ ራቅ አለ። በርናርድ ተነሣ። ያንን ወለል ስንት ጊዜ አቋርጦታል፤ እንደዚያ ምሽት ግን ርቆት አያውቅም። እጅ ነሳ።

«አቶ ኮትል» አሉ ወይዘሮ ፌንዊክ። «ታመዋል ብለውኝ ነበር።»

«እረፍት ላይ ነበርኩ» አለ። እጃቸውን ሰጡት።

አንዱን ዋልስ ደነሱ። ዜማው አብቅቶ ሌሎቹ እጅ ሲነሱ በርናርድ እጃቸውን አልለቀቀም። ባንዱ ሁለተኛውን ዋልስ ጀመረ። የወይዘሮ ባግናል አንገት ከምሰሶው ጀርባ ረዘመ።

«አሁን እንግዳ ነኝ» አላቸው፤ ድምፁ የሸርሊ ሰፈር ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ቲኬት ቆርጬ ነው የመጣሁት። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም መደነስ እንችላለን። የሚከለክለን የለም።»

ወይዘሮ ፌንዊክ ትክ ብለው አዩት። «ቲኬት የቆረጡት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ብቻ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን እንዳይቀየሙኝ። ቀኝ ጉልበቴ ከአንድ ዳንስ በላይ አይችልም። ድሮም አይችልም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ደንብ ሳመሰግን ነው የኖርኩት።»

በርናርድ ቆመ። «በጸደይስ?»

«በጸደይማ በዊልቸር ወረድኩ። ሳምንት ከአልጋ አልተነሣሁም። እንዲያ ሆኜ እንዳያዩኝ ብዬ ፊቴን አዙሬ ነው ያለፍኩዎት።»

«ታዲያ ምነው አይነግሩኝም?»

«ደስ ብሎዎት ነበራ። እንዴት ብዬ?»

በርናርድ ሊናገረው አላሰበም፤ ግን ወጣ። «እኔም በዚያች ዳንስ ከሥራዬ ወጣሁ» አለ። «ደንብ ሰበረ ብለው።»

«ያኔ ታዲያ ለምን አልለቀቁኝም?»

«ደስ ብሎዎት መስሎኝ።»

ጥንዶቹ በዙሪያቸው ይሽከረከራሉ፤ ሁለቱ በወለሉ መሐል ተገትረዋል። አንዷ በጉልበቷ፣ አንዱ በእንጀራው የከፈሉባት ዳንስ፣ ለማናቸውም አላስፈለገችም ነበር። እሱ ከቲኬቱ ጋር ነው ወይስ ከእኔ የሚለውን ጥያቄ እንኳ መጠየቅ ረስቷል፤ መልሱ ግን ክንዱን ይዞ ነበር።

«በል ና ተቀመጥ» አለችው ኦድሪ። «ሰባት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ተገትረህ ሳይህ ሰለቸኝ።»

ክንዱን ተደግፋ፣ እያነከሰች ወደ ወንበሯ ሄደች፤ ከእንግዲህ አልደበቀችውም። በርናርድ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ሙዚቃው እየተጫወተ ነበር። በዚያ አዳራሽ እሷ አጠገብ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው፤ ጠባብ ጫማው ውስጥ ጣቶቹ እንዴት እንደሚያሙት እንኳ ያወቀው ገና አሁን ነው። ስለ አውቶቡሱ ነገራት። ለካ ታውቅ ኖሯል፤ «ስንደንስ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ መስተዋት እንደሚፈልግ ሰው ወደ ቀኝ ታያለህ» አለችው።

ሦስተኛው ዋልስ ሲጀመር ሩፐርት መጣ። አንዲት ወይዘሮ ሳትደንስ እንድትቀመጥ ደንቡ አይፈቅድለትም። እጅ ነሳ፣ እጁንም ዘረጋ።

«ይቅርታህን» አለችው ኦድሪ፤ የታመመ እግሯን ባዶው ወንበር ላይ እያሳረፈች። «ይህን ዳንስ ለአቶ ኮትል ሰጥቼዋለሁ።»

ሩፐርት የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ተራ በተራ አየ። ከዚያ በትሕትና ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ወይዘሮ ባግናል ሄደ።